ያሰረም ያየም ባለ ዕዳ ነው

ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ለብዙዎቻችን ሩቅ መስሎ ሊታይ ይችላል፡፡ ነገሩ ስለ አይጥ ነው፡፡ በየጓዳችን ስለምትሮጠው አይጥ ሳይሆን በአሜሪካ፣ በአውሮፓ፣ በጃፓንና በቻይና ቤተ ሙከራዎች ውስጥ ለምርምር ስለምትረባው አይጥ ነው፡፡ አንባቢ «ስንት የሚያስጨንቀን ጉዳይ እያለ ስለ አይጥ ምን አገባን?» ቢል አልፈርድበትም፡፡ ይሁን እንጂ እስከ መጨረሻው እንዲያነብልኝ እጠይቀዋለሁ፡፡ ነገሩ ዞሮ ዞሮ የሚመለሰው ወደ እኛው ቤት፣ ወደ እኛው መድኃኒትና ወደ እኛው ኅሊና ነውና፡፡

ጥያቄዬ ይህ ነው፡፡ የአንድ ፍጡር ሕመም በነርቩ ውስጥ ሲያልፍ በዓይን እንዲታይ ማድረግ ቢቻል፣ ያንን ለማየት ሲባል ፍጡሩን ነቅቶ ሳለ ማሳመም ይፈቀዳልን? ከተፈቀደስ ፈቃዱ ጉዳዩን ይዘጋዋልን?

የሚያበራው ነርቭ

አስቀድሜ ነገሩን ላስረዳ፡፡ በሰውም ሆነ በእንስሳ ገላ ውስጥ ሙቀትን፣ ቅዝቃዜን፣ ንክኪንና ሕመምን ተቀብለው ወደ ኅብለ ሰረሰርና ወደ አንጎል የሚያደርሱ የነርቭ ሕዋሳት አሉ፡፡ ስሜት ተቀባይ ነርቮች እንላቸዋለን፡፡ የአብዛኞቹ ዋና አካል የሚገኘው ከአከርካሪ አጥንት ግራና ቀኝ በተደረደሩ ትናንሽ ቋጠሮዎች ውስጥ ነው፡፡ እግራችንን እሾህ ሲወጋን ወሬው የሚያልፈው በእነዚህ ቋጠሮዎች በኩል ነው፡፡ ነርቩ ወሬውን ሲያስተላልፍ ካልሲየም የተባለው ንጥረ ነገር ወደ ሕዋሱ ውስጥ ይገባል፡፡ ተመራማሪዎች የተጠቀሙት ይህችን ምልክት ነው፡፡

እ.ኤ.አ. በ1962 ኦሳሙ ሺሞሙራ የተባሉ ጃፓናዊ ሊቅ፣ ጄሊፊሽ ከሚባል ለስላሳ የባሕር ፍጡር ውስጥ አረንጓዴ ብርሃን የሚሰጥ ፕሮቲን ማግኘታቸውን ገለጹ፡፡ ይህ ግኝት እ.ኤ.አ. በ2008 ከሁለት አሜሪካውያን ሊቃውንት ጋር የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት አስገኝቶላቸዋል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ ጁኒቺ ናካይና ባልደረቦቻቸው ይህንኑ ፕሮቲን ለውጠው ካልሲየም ሲያገኘው የሚደምቅ አደረጉት፡፡ የዚህ ፕሮቲን ዘረ መል በአይጥ ነርቭ ውስጥ እንዲገባ ይደረጋል፡፡ ከዚያ በኋላ ነርቩ በሠራ ቁጥር ቦግ ይላል፤ ሲያርፍ ይደበዝዛል፡፡ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ዴንክ፣ ስትሪክለርና ዌብ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990 ያቀረቡት ባለ ሁለት ፎቶን ማይክሮስኮፕ በሌዘር እየተረዳ፣ ሕያው ገላ ውስጥ ዘልቆ ይህን ብርሃን ለማየት ያስችላል፡፡

ለዚህም ሲባል አይጧ በማደንዘዣ ተኝታ ሳለች የራስ ቅሏ በጥቂቱ ይከፈትና በመስታወት ይሸፈናል፡፡ ጭንቅላቷ እንዳይንቀሳቀስም ከራስ ቅሏ ጋር የብረት መያዣ ይጣበቃል፡፡ ካገገመች በኋላ ነቅታ፣ ራሷ ታስሮ፣ እግሮቿ በአየር ላይ በተንሳፈፈ ኳስ ላይ እየተራመዱ ነርቮቿ ይታያሉ፡፡ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2007 ለዓለም አሳይተዋል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2019 ኔቸር ኮሙኒኬሽንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ሥራ ደግሞ መስኮቱን ከራስ ቅል ወደ አከርካሪ አወረደው፡፡ ከላይ የጠቀስኳቸው የስሜት ቋጠሮዎች በነቃች አይጥ ውስጥ ለሳምንታት ሊታዩ ቻሉ፡፡

ፍትሐዊ ለመሆን አንድ ነገር ልጨምር፡፡ እንዲህ ያለ ምርመራ ሁሉ ማሳመም አይደለም፡፡ አብዛኛው ስለ ማየት፣ ስለ ማሽተት፣ ወይም አይጧ በጢሟ ስለምትዳስሰው ነገር የሚያጠና ነው፡፡ ስለ ሕመም የሚያጠናው ግን ከማሳመም ማምለጥ አይችልም፡፡ መዳፏ ይወጋል ወይም ይሞቃል፤ ነርቧ ይታሠራል ወይም ይቆሰቁሳል፡፡ የእኔም ጥያቄ በዚህኛው ላይ ነው፡፡

እንቅልፍ ምሕረት ነበር

የአውሮፓ ሐኪሞች ለረጅም ዘመን እንስሳትን ያለ ምንም ማደንዘዣ ይቀዱ ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. በ1846 ቦስተን ውስጥ ኤተር የተባለው ማደንዘዣ በሰው ላይ ሲሠራ በአደባባይ ታየ፡፡ ከዚያ በኋላ ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1876 የእንስሳት ሙከራን በሕግ ስትቆጣጠር፣ ከልዩ ፈቃድ በስተቀር እንስሳው እንዲደነዝዝ አዘዘች፡፡ ከዚያ ወዲህ በቤተ ሙከራ ውስጥ የምሕረት ዋናው ምልክት እንቅልፍ ሆነ፡፡ «እንስሳው ተኝቷል፤ አይሰማውም» የሚለው ቃል የተመራማሪውንም የሕዝቡንም ልብ ያሳርፍ ነበር፡፡

አሁን የደረስንበት ቦታ ግን የተለየ ነው፡፡ ማደንዘዣ የነርቮችን ሥራ ይለውጣል፡፡ የተኛ እንስሳ ነርቭ የነቃውን ያህል አይናገርም፤ የሕመምን ስሜት ደግሞ ማደንዘዣው ራሱ ያጠፋዋል፡፡ ስለዚህ ሕመምን እንደ ሕመም ማጥናት የፈለገ ሰው እንስሳው እንዲነቃ ይፈልጋል፡፡ ትናንት የምሕረት መሣሪያ የነበረው እንቅልፍ ዛሬ ለዕውቀቱ እንቅፋት ሆኖ ተቆጠረ ማለት ነው፡፡ ዕውቀትና ምሕረት አንድ በር ላይ ተገናኝተው፣ አንዱ ሲገባ ሌላው የሚወጣ ይመስላል፡፡ ከባዱ ነገር ይህ ነው፡፡

የታማሚው ወገን

ይህን ስሰማ የመጀመሪያው ስሜቴ «ይቅርብን!» ማለት ነበር፡፡ ነገር ግን እንዲህ ለማለት የሚደፍር ሰው በቅድሚያ የታመመን ሰው ፊት ማየት አለበት፡፡

አክስቴ ከስኳር በሽታ ጋር ሲኖሩ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፡፡ በሽታው የእግራቸውን ነርቭ ነክቶታል፡፡ ቀን ይሻላቸዋል፤ ከዒሻእ ሶላት በኋላ ግን ቤቱ ጸጥ ሲል እግራቸው መንደድ ይጀምራል፡፡ «ልጄ፣ ሰው እግሬ ሥር ፍም የሚያስቀምጥ ይመስለኛል» ይላሉ፡፡ አንሶላ እንኳ ሲነካቸው ያማቸዋል፡፡ ሌሊት ተነሥተው ባዶ እግራቸውን ቀዝቃዛው ሲሚንቶ ላይ አድርገው፣ ተስቢሐቸውን እየቆጠሩ ይቀመጣሉ፡፡ የሚገርመው ደግሞ ይኸው እግር መደንዘዙ ነው፡፡ አንድ ቀን ጫማቸው ውስጥ የገባች ጠጠር ቀኑን ሙሉ ስትፈገፍጋቸው ውላ አልተሰማቻቸውም፡፡ ማታ ጫማቸውን ሲያወልቁ ነው ቁስሉ የታየው፡፡ ሕመም በሌለበት የሚያቃጥል፣ ባለበት ደግሞ የማይነግር ነርቭ ማለት ይህ ነው፡፡ አልማዝ ባለጭራ ይዟቸው ቁስሉ ከዳነ በኋላ ሕመሙ ለወራት ያልለቀቃቸውም ይህንን ያውቁታል፡፡ እንዲህ ላሉ ሰዎች ያለው መድኃኒት ብዙ ጊዜ ግማሽ እፎይታ ነው፤ ጠንካራው ደግሞ ሱስ ያስይዛል፡፡

ሕመም ራሱ የአላህ (ሱ.ወ.) ጥበብ ያለበት ጠባቂ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ታሪክ አለ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2006 ኔቸር በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት በሰሜን ፓኪስታን ስለሚኖሩ፣ ከተወለዱ ጀምሮ ሕመም ተሰምቷቸው ስለማያውቅ የአንድ ዘር ልጆች ይገልጻል፡፡ ከእነርሱ አንዱ በመንገድ ላይ ክንዱን በቢላዋ እየወጋና በፍም ላይ እየተራመደ ለሕዝብ ትርኢት ያሳይ ነበር፡፡ ይህ ልጅ ዕድሜው 14 ዓመት ገደማ ሳለ ከቤት ጣሪያ ላይ ዘሎ ሞተ፡፡ «ተው፣ ይጎዳሃል» የሚለው ድምፅ በገላው ውስጥ አልነበረምና፡፡ ተመራማሪዎቹ የልጆቹ ዘረ መል ሲመረመር ናቭ 1.7 የተባለው የነርቭ መተላለፊያ እንደማይሠራ አገኙ፡፡ የእርሱ ወንድም ልንለው የምንችለው ናቭ 1.8 ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1996 በለንደን ተመራማሪዎች የተገለጸ ሲሆን፣ የተገኘውም በአይጦች ስሜት ተቀባይ ነርቮች ውስጥ ነው፡፡ ከ29 ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሱዜትሪጂን የተባለውንና ይህንኑ ናቭ 1.8 የሚዘጋውን መድኃኒት ለአጣዳፊ ሕመም ፈቀደ፡፡ መድኃኒቱ ከኦፒየም ወገን አይደለም፡፡ ስለዚህ «አይጧ ለሰው ምን ጠቀመች?» ለሚል ሰው መልስ አለ፡፡

የቀደሙት ምን አደረጉ?

በዚህ ጉዳይ የእስልምና ሊቃውንት ታሪክ አንድ መልስ ብቻ አይሰጠንም፡፡ ታላቁ ሐኪም አል ራዚ የሜርኩሪን ጠባይ ለማወቅ ለዝንጀሮ አጠጥተው ተመልክተዋል፡፡ በአንዳሉስ የኖሩትና እ.ኤ.አ. በ1162 ያረፉት ኢብኑ ዙህር ጉሮሮን ለመተንፈሻ መክፈት አደጋ እንደሌለው ለማወቅ በፍየል ላይ ሞክረዋል፡፡ ከ100 ዓመት በኋላ ደግሞ ኢብኑ ነፊስ መጡ፡፡ ደም ከልብ ወደ ሳንባ ሄዶ እንደሚመለስ ከአውሮፓውያን 300 ዓመት ያህል ቀድመው የጻፉ ናቸው፡፡ እርሳቸው ግን ገላን ቀድዶ ከማየት ሸሪዓውና በተፈጥሯቸው ያለው ርኅራኄ እንደከለከላቸው ጽፈዋል፡፡ በእርግጥ አልቀደዱም ወይ በሚለው የታሪክ ሰዎች ይከራከራሉ፡፡ ለእኔ ግን ቁም ነገሩ ሌላ ነው፡፡ አንድ የሕክምና ሊቅ በሕክምና መጽሐፍ ውስጥ ርኅራኄን የሥራ ምክንያት አድርጎ መጻፉ ምንም እንደማያሳፍረው ማየታችን ነው፡፡

ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የተላለፉልንን ትምህርቶች ስናይ ደግሞ አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል፡፡ ይኸውም የማሰር ጉዳይ ነው፡፡ ስለ ድመቷ የሚናገረውን ሐዲስ የማያውቅ ሙስሊም የለም፡፡ ሴቲቱ የተቀጣችው ድመቷን አስራ ሳለ ስላላበላቻት፣ ራሷም ወጥታ እንዳትበላ ስላልለቀቀቻት ነው፡፡ ድመት ሜዳ ላይ ስትራብ የሁሉም ሰው ዕዳ አይደለችም፤ የታሰረች ድመት ግን ያሰራት ሰው ዕዳ ናት፡፡ ማሰር ማለት «ከእንግዲህ ያንቺን መከላከያ እኔ ወስጃለሁ» ማለት ነውና፡፡ ኢብኑ ዑመርም (ረ.ዐ.) አንድ ቀን ወጣቶች ወፍ አስረው ቀስት ሲለማመዱባት አገኙ፡፡ ወጣቶቹ እርሳቸውን ሲያዩ ተበታተኑ፡፡ እርሳቸውም ነፍስ ያለውን ነገር ዒላማ የሚያደርግ ሰው በነቢዩ አንደበት የተረገመ መሆኑን ተናገሩ፡፡ እነዚያ ወጣቶች አደን ቢወጡና ወፏን በርራ ሳለች ቢመቷት ኖሮ ነገሩ ሌላ በሆነ ነበር፡፡ የከፋው ማምለጥ እንዳትችል ተደርጋ መመታቷ ነው፡፡

በላቦራቶሪው ውስጥ ያለችው አይጥም ራሷ በብረት ተይዟል፡፡ መሸሽ አትችልም፡፡ ይህ ማለት ተመራማሪው ወዲያውኑ ዛሊም ነው ማለት አይደለም፤ ወጣቶቹ ለጨዋታ፣ እርሱ ለመድኃኒት ነው የቆሙት፡፡ ነገር ግን በማሰሩ ብቻ ባለ ዕዳ ሆኗል፡፡

«አይጥ እኮ ናት» ለሚሉ

እዚህ ላይ አንዳንድ ወንድሞች ሁለት ተቃውሞ ሊያነሡ ይችላሉ፡፡ የመጀመሪያው፣ አይጥ በሐረም ውስጥ እንኳ እንድትገደል ከተፈቀደባቸው አምስት ጎጂ እንስሳት አንዷ አይደለችምን? የሚል ነው፡፡ እውነት ነው፤ ናት፡፡ ሆኖም እንድትገደል የተፈቀደ ፍጡር እንዲሰቃይ ተፈቅዷል ማለት አይደለም፡፡ በመግደልም ቢሆን ኢሕሳን ግዴታ መሆኑን፣ ቢላዋ እንኳ መሳል እንዳለበት የተማርነው ከራሳቸው ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ነው፡፡ ጉንዳን ነክሷቸው ጎጆዋን በሙሉ ስላቃጠሉ አንድ ነቢይ ከአላህ ዘንድ ወቀሳ እንደደረሰባቸውም ተነግሮናል፡፡ ጉንዳን ያን ያህል ከተቆረቆሩላት አይጥን ከሒሳብ የሚያስወጣት ምን ነገር አለ? ከዚያም በላይ አይጥ የምትገደለው እህላችንንና ቤታችንን ስለምትጎዳ ነው፡፡ የላቦራቶሪዋ አይጥ ግን የማንንም ጎተራ አልደፈረችም፤ እኛው ያረባናት፣ እኛው ያሰርናት ናት፡፡

ሁለተኛው ተቃውሞ «እንስሳት ለሰው ጥቅም የተፈጠሩ ናቸው» የሚል ነው፡፡ ይህም ልክ ነው፡፡ ነገር ግን ቁርኣን በአንዓም ምዕራፍ እንስሳትና አእዋፍ እንደ እኛው ሕዝቦች መሆናቸውን ይነግረናል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1262 ያረፉት ታላቁ ዓሊም ዒዝ ኢብኑ ዐብዱሰላምም እንስሳት በሰው ላይ ያላቸውን መብቶች አንድ በአንድ ዘርዝረው ጽፈዋል፡፡ ከእነዚህም አንዱ እንስሳው አርጅቶ ወይም ታሞ ምንም ጥቅም ባይሰጥ እንኳ ቀለቡ እንዳይቋረጥ ነው፡፡ ይህ ከተጻፈ 750 ዓመት አልፎታል፡፡ መጠቀም የተፈቀደ ነው፤ የተጠቀምንበት ነገር ደግሞ ከእኛ ላይ መብት አለው፡፡ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ፡፡

ብርሃኑ ማመካኛን ያጠፋል

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልድረስ፡፡ በአውሮፓ ስለ እንስሳት ሲከራከሩ፣ እንስሳ እንደ ሰዓት የሚሠራ መኪና ነው፤ ጩኸቱም የጥርስና የዘንግ ድምፅ ነው የሚሉ ፈላስፎች ነበሩ፡፡ ይህን ማመካኛ ዛሬ የሚያፈርሰው ያው ሳይንሱ ራሱ ነው፡፡

ልብ እንበል፤ የአክስቴን እግር ለማዳን አይጥ የሚመረመረው ለምንድን ነው? የአይጧ ስሜት ተቀባይ ነርቭ የአክስቴን ነርቭ ስለሚመስል ነው፡፡ ካልመሰለ ሙከራው ከንቱ ነው፤ አይጧም በከንቱ ታማለች፡፡ ከመሰለ ደግሞ ሕመሙም ይመስላል፤ ስለዚህ በምን ልባችን እናልፈዋለን? ሙከራውን ጠቃሚ የሚያደርገው መመሳሰል፣ ሙከራውን ከባድ የሚያደርገውም መመሳሰል ነው፡፡ አንዱን ይዞ ሌላውን መጣል አይቻልም፡፡

በካናዳ የማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 አይጥ ስትታመም ፊቷ እንደሚናገር አሳይተዋል፡፡ ዓይኗ ይጠብባል፤ አፍንጫዋና ጉንጯ ያብጣል፤ ጆሮዋና ጢሟ ቦታ ይለውጣል፡፡ ይህም መለኪያ ተበጅቶለት በነጥብ ይሰጣል፡፡ እንግዲህ ፊቷ ከውጭ፣ ነርቧ ከውስጥ እየመሰከሩ ነው፡፡ በሌላ በኩል የአሜሪካ የእንስሳት ደኅንነት ሕግ እ.ኤ.አ. በ2002 በተደረገበት ማሻሻያ ለምርምር የሚረቡ አይጦችንና ወፎችን «እንስሳ» ከሚለው ቃል ትርጉም አውጥቷቸዋል፡፡ በእርግጥ በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ ምርምር ሌላ ደንብ ይጠብቀዋል፤ የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው መመሪያ አይጥን ይጨምራል፡፡ ቢሆንም አንድ ታላቅ አገር በሕጉ ውስጥ አይጥን «እንስሳ አይደለችም» ብሎ መጻፉ ያስገርማል፡፡ ስሟን ከመዝገብ መፋቅ ይቻላል፤ ነርቧ ላይ የሚታየውን ብርሃን ግን መፋቅ አይቻልም፡፡

ስለዚህ እላለሁ፤ ይህን ብርሃን ያየ ሰው ምስክር ሆኗል፡፡ ድሮ «አይሰማውም ብዬ ነው» ማለት ይቻል ነበር፡፡ ዛሬ ሕመሙ ጀመረ፣ ጨመረ፣ ቆመ ብሎ በሰከንድ ሊቆጥር የሚችል ሰው ይህን ማመካኛ አጥቷል፡፡ ያሰረ ሰው አንድ ዕዳ አለበት፤ አስሮ ያየ ሰው ሁለት ዕዳ አለበት፡፡

ዕዳው እንዴት ይከፈላል?

ዑለማኦቻችን ዶሩራ የተከለከለውን እንደሚያስፈቅድ፣ ነገር ግን በመጠኗ ብቻ እንደምትለካ አስተምረውናል፡፡ የተራበ ሰው በክት ሊበላ ይችላል፤ ከነፍስ ማዳኛው አልፎ ጠግቦ ስንቅ ሊይዝ ግን አይችልም፡፡ ይህ መርሕ እዚህም ይሠራል ብዬ አምናለሁ፡፡ ጉዳዩ ለሰው ስቃይ እውነተኛ መፍትሔ ለመፈለግ ከሆነ፣ ሌላም መንገድ ከሌለ፣ የተወሰነ ሕመም ሊፈቀድ ይችላል እላለሁ፡፡ ፈቃድ ግን ዕዳን አይሰርዝም፡፡

ስለዚህ መጀመሪያ ፍላጎቱ እውነተኛ መሆን አለበት፡፡ ለማዕረግ ዕድገት ወይም ለመጽሔት ስም ብቻ ተብሎ የምትታመም አይጥ ከታሰረችው ወፍ በምን ትለያለች? በዚህ ላይ ጥቅሙ ሁልጊዜ እንደማይገኝ ማወቅ ይገባል፡፡ ናቭ 1.7ን የሚዘጉ በርካታ መድኃኒቶች በእንስሳ ላይ ተስፋ ሰጥተው በሰው ሲሞከሩ የታሰበውን ያህል አልሠሩም፡፡ በ1990ዎቹ ሰብስታንስ ፒ በተባለው ንጥረ ነገር ላይ የተሠራውም እንዲሁ ሆኗል፡፡ ከዚህ የሚወጣ አንድ ግዴታ አለ፡፡ ያልተሳካ ሙከራም ይፋ መውጣት አለበት፡፡ ውድቀቱን በመሳቢያ ውስጥ የደበቀ ተመራማሪ፣ ሌላው ያንኑ ሙከራ ደግሞ ሌላ አይጥ እንዲያሳምም ያደርጋልና፡፡

ቀጥሎ መጠን አለ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1959 ራስልና በርች የተባሉ እንግሊዛውያን ባሳተሙት መጽሐፍ እንስሳን በሌላ ዘዴ መተካት፣ ቁጥሩን መቀነስና አያያዙን ማሻሻል የሚሉ ሦስት መርሖችን አስቀምጠዋል፡፡ ዛሬ ብዙ አገሮች በሕጋቸው ይቀበሏቸዋል፡፡ የዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ1983 ስለ ነቁ እንስሳት ባወጣው መመሪያ ተመራማሪው በሚቻልበት ጊዜ ሁሉ ያንኑ ማሳመሚያ አስቀድሞ በራሱ ላይ እንዲሞክር ይመክራል፡፡ ይህን ሳነብ ለወንድምህ ለራስህ የምትወደውን ውደድ የሚለው ትምህርት ትዝ አለኝ፡፡ ለእጅህ የማትደፍረውን ሙቀት ለመዳፏ እንዴት ትደፍራለህ?

በመጨረሻም ዕውቀቱ ለአይጧም ይመለስ፡፡ የፊቷ መለኪያ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሰጣት ማስታገሻ በቂ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ያገለግላል፡፡ የነርቧ ብርሃንም እንዲሁ ሊያገለግል ይችላል፡፡ ሕመሟን ያሳየ መስታወት ሕመሟ መቼ መቆም እንዳለበትም ይንገረን፡፡ አይቶ ማቆም የሚችል ሰው ሳያቆም ከቀረ ማየቱ የሚመሰክርበት በራሱ ላይ ነው፡፡

የእኛስ ድርሻ?

አንባቢ «ይህ ሁሉ የፈረንጅ ተመራማሪዎች ጉዳይ ነው» ብሎ ጋዜጣውን እንዳያጥፍ እለምነዋለሁ፡፡ ከፋርማሲ ገዝተን የምንውጠው ክኒን ሁሉ፣ ሆስፒታል ገብተን የሚሰጠን ማደንዘዣ ጭምር፣ አንድ ቦታ ላይ በእንስሳ ገላ አልፎ የመጣ ነው፡፡ ጥቅሙን ተካፍለን ዕዳውን ለሌላ መተው አግባብ አይደለም፡፡

እውነቱን ለመናገር ለሩቋ አይጥ ማዘን ቀላል ነው፡፡ ከገበያ ስንመለስ ዶሮዋን በእግሮቿ ዘቅዝቀን፣ እየተንጠለጠለች፣ ከሰው ጋር ቆመን የምናወጋው እኛ ነን፡፡ ጭነት ከብዶት የወደቀን አህያ በዱላ ስናስነሣው ቆሞ የሚያየን የለም፡፡ እኛ ማይክሮስኮፕ የለንም፤ ዓይን ግን አለን፡፡ የዶሮዋን ክንፍ መርገብገብ ለማወቅ የኖቤል ሽልማት አያስፈልግም፡፡ ያሰርነውን ነገር እያየን ካለፍን፣ ከላቦራቶሪው ሰው የምንለየው እርሱ ቢያንስ መድኃኒት ፍለጋ በመቆሙ ነው፡፡

አክስቴ ዛሬም ሌሊት ይነሣሉ፡፡ እግራቸው የሚበርድበት መድኃኒት ከተገኘ ደስታዬ ወሰን የለውም፤ ገዝቼ እወስድላቸዋለሁ፤ እርሳቸውም ቢስሚላህ ብለው ይውጡታል፡፡ ያን መድኃኒት ሐራም ነው የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም፡፡ ነገር ግን «በነጻ መጣ» የሚል ቃልም አይወጣም፡፡ በቂያማ ቀን ቀንድ የሌላት በግ እንኳ ከወጋቻት ባለ ቀንድ በግ ሐቋን እንደምትቀበል ተነግሮናል፡፡ አእምሮ የሌላቸው እንስሳት እርስ በርሳቸው ከተሳሰቡ፣ አእምሮ ተሰጥቶት፣ አስሮ፣ በብርሃን እያየ ያሳመመው ሰው፣ በዚያም የተጠቀምነው እኛ፣ ምን ብለን እንመልሳለን? መልሳችንን ዛሬ በሥራ ማዘጋጀት ይሻላል፡፡

ወላሁ አዕለም፡፡